ሦስት ቀን በካኖሳ በር



ድንጋዩ ፈርሶ ስሙ ብቻ በሰው አፍ የቀረ ቦታ በየሀገሩ አለ። በሰሜን ጣልያን በተራራ ጫፍ ላይ የሚገኘው የካኖሳ ግንብ ከእነዚህ አንዱ ነው። በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች «ወደ ካኖሳ መሄድ» ማለት ሳይወዱ በግድ አንገትን መድፋት፣ ትዕቢትን ውጦ ይቅርታ መለመን ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።) በ1872 የጀርመን መራሔ መንግሥት ኦቶ ፎን ቢስማርክ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ክርክር በገጠሙ ጊዜ፣ ወደ ካኖሳ እንደማይሄዱ በምክር ቤት ቆመው ተናገሩ። ንግግራቸውም እጅግ ተወደደላቸውና በ1877 በሐርትስቡርግ ተራራ ላይ የድንጋይ ሐውልት ቆመለት። በዚያ ዘመን በጀርመን ጳጳሳት ታስረው፣ ብዙ ቁምስናዎችም ካህን አጥተው ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን ያው መንግሥት ከር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ ጋር ታርቆ ከሕጎቹ አብዛኞቹን አነሣ። ሐውልቱ ዛሬም በቦታው አለ ይባላል።

እንግዲህ የካኖሳ ስም ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ተዋረደው ንጉሥ ነው። ግማሹ በንጉሡ መዋረድ ያፍራል፤ ግማሹ በቤተ ክርስቲያን ማሸነፍ ይመካል። እኛ ግን ቦታውን ረግጠን ካየነው ወዲህ ልባችንን የያዘው በበሩ ውጭ የቆመው ሰው ብቻ አይደለም፤ በበሩ ውስጥ የነበሩትም ናቸው። ስለ ኃጢአተኛው ንስሐ ብዙ ተሰብኮአል። ይቅርታ የሚጠየቀው ሰው በምን ዐይነት ፈተና እንደሚያልፍ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው።

ወደ ካኖሳ የሚሄድ ሰው ከሬጆ ኤሚልያ ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የፖ ወንዝ ሜዳ ያልቅና የአፔኒን ተራሮች ግርጌ ይጀምራል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ግራና ቀኙ በጎርፍ የተሸረሸረ፣ ሣር እንኳ በደኅና የማይበቅልበት ገደላገደል ነው። በመንገድ ላይ በቀላ ዐለት ላይ የተሠራ አንድ ሙሉ ግንብ ይታያል፤ እንግዳ ሁሉ «ካኖሳ እርሱ ነው» ብሎ ይደሰታል። እርሱ ግን ሮሴና የሚባለው ጎረቤቱ ነው። ካኖሳ ወደ ፊት ነው፤ ነጭ አሸዋማ ድንጋይ የሆነ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ፣ በእኛ አነጋገር አምባ ልንለው የምንችል ብቸኛ ጕብታ። የጎንደርን ግንቦች አይቶ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ሲደርስ ሳያዝን አይቀርም። ጥቂት የተሰበሩ ግድግዳዎች፣ የቤተ ክርስቲያኑ የምድር ቤት ቅሪት፣ አንዲት አነስተኛ ቤተ መዘክር፤ ከዚህ ሌላ ብዙ የለም። ከቆሙትም ግድግዳዎች የሚበዙት በኋላ ዘመን የተሠሩ ናቸው። ዐለቱ ራሱ ከዘመን ወደ ዘመን እየተናደ ወደ ሸለቆው ወርዶአል።

ምሽጉን ያሠራው በ940 ገደማ አዳልቤርቶ አቶ የተባለ መስፍን ነው። በ951 ባልዋ የሞተባት ንግሥት አደላይድ ከጠላቶችዋ ሸሽታ እዚህ ተጠግታለች። በ1255 የሬጆ ሰዎች መጥተው አፈረሱት፤ ከዚያ በኋላ ተጠግኖ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖረ፤ በ1878 የጣልያን መንግሥት ገዝቶ በብሔራዊ ቅርስነት ያዘው። ይህን ያህል ስለ ድንጋዩ ይበቃል።

ለታላቁ ነገር መነሻ የሆነው ጠብ ረጅም ነው፤ ባጭሩ እንናገረዋለን። ጠቡ ጳጳሳትን የሚሾም ማን ነው የሚል ነበር። የጀርመን ንጉሥ ሄንሪክ 4ኛ እንደ አባቶቹ በሀገሩ ያሉትን ጳጳሳት እኔ ልሹም አለ። በ1073 በመንበረ ጴጥሮስ የተቀመጡት ቅዱስ ጎርጎርዮስ 7ኛ ደግሞ የእረኝነት ሥልጣን ከምድራዊ ንጉሥ እጅ እንደ ርስት አይታደልም አሉ። በጃንዋሪ 1076 ንጉሡ ቮርምስ በምትባል ከተማ ጳጳሳቱን ሰብስቦ «ጎርጎርዮስ ከመንበሩ ተሽሮአል» አሰኘ። እርሳቸውም በዚያው ዓመት በዐቢይ ጾም በሮም በተደረገው ሲኖዶስ ንጉሡን አወገዙት፤ የምሎለትን ሕዝብም ከመሐላው ፈቱት። የንጉሡ እናት አግነስ በዚያ ጉባኤ ተቀምጣ የልጅዋን ውግዘት በጆሮዋ ሰማች። የጀርመን መሳፍንት ለሃይማኖት ይሁን ለሌላ ጉዳይ፣ ይህን አጋጣሚ አላሳለፉትም፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከውግዘቱ ካልተፈታ ንጉሣችን አይደለም ብለው ወሰኑ፤ ጳጳሱም በፌብሩዋሪ 1077 ወደ አውግስቡርግ መጥተው እንዲዳኙ ለመኑአቸው።

ሄንሪክ ያን ጊዜ የ26 ዓመት ሰው ነበረ። ጳጳሱ ሳይደርሱ ሊቀድማቸው ቈርጦ በክረምት ተነሣ። ሚስቱ ቤርታና ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጁ ኮንራድ አብረውት ነበሩ። በሞን ስኒ በኩል የአልፕስን ተራራ ሲያልፉ በረዶው እጅግ ብርቱ ስለ ነበረ ሴቶቹን በበሬ ቈዳ ላይ አስቀምጠው ቍልቍል እየጐተቱ እንዳወረዱአቸው፣ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ መነኵሴው ላምፐርት ዘሄርስፌልድ ጽፎአል። ላምፐርት ነገርን ማሳመር ይወድዳል እየተባለ ይታማል፤ ቢሆንም የዚያ ክረምት ብርታት በሌሎችም የተመሰከረ ነው። በሎምባርዲያ ሲደርስ የዚያ አገር ጳጳሳትና መኳንንት ከጎርጎርዮስ ጋር ሊዋጋ የመጣ መስሎአቸው በደስታ ተቀበሉት። ይህን ልብ እንበል። ንጉሡ ወታደር አላጣም፤ ብዙዎች ከኋላው ሊሰለፉ ዝግጁ ነበሩ። ጎርጎርዮስም ያንኑ ፈርተው ወደ ሰሜን የጀመሩትን ጉዞ አቋርጠው በልዕልት ማቲልዳ ምሽግ በካኖሳ ተጠለሉ። ስለዚህ በአምባው ላይ የነበሩት ሰዎች በመጀመሪያ የጠበቁት ጦርነትን ነው እንጂ ንስሐን አይደለም።

በጃንዋሪ 25 ቀን 1077 ሄንሪክ ከበሩ ደረሰ። በእኛ ባሕረ ሐሳብ የጥር ማለቂያ መሆኑ ነው፤ በላቲን ሥርዐት ደግሞ የሐዋርያው ጳውሎስ መለወጥ የሚታሰብበት ዕለት ነው። ምሽጉ ሦስት ቅጥር እንደ ነበረውና ንጉሡ ከሁለተኛው ቅጥር ውስጥ እንደ ገባ፣ አጃቢዎቹ ግን ከውጭ እንደ ቀሩ ላምፐርት ይናገራል። የንግሥና ልብሱን አውልቆ፣ የሱፍ ጨርቅ ለብሶ፣ ባዶ እግሩን ቆመ። ሁለተኛም ቀን እንዲሁ ሆነ፤ ሦስተኛም ቀን እንዲሁ። ሌሊቱንም በበረዶ ውስጥ አሳለፈ የሚለው ሥዕል የኋላ ዘመን ሰዎች የጨመሩት ይመስለናል፤ በመሸ ጊዜ ወደ ማደሪያው ተመልሶ በጧት ይመጣ እንደ ነበር ማሰብ ይቀላል። ነገሩን ግን አያቀለውም፤ ማታ ሄዶ ጧት ለውርደት መመለስ ከቆሙበት አለመነቃነቅ ይልቅ ይከብዳል። ያን በር ዛሬ የሚያገኘው የለም። እኛም ግድግዳውን እየዞርን «የት ቆሞ ይሆን?» ስንባባል ቆይተን ጣታችንን የምናሳርፍበት ድንጋይ አላገኘንም።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ።

በውስጥ የነበሩት ጎርጎርዮስ ብቻ አይደሉም። የቤቱ እመቤት ማቲልዳ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው 30 ገደማ፣ ለጳጳሱ ታማኝ፣ ለንጉሡም በሥጋ ዘመድ። የንጉሡ አማት አደላይድ ዘቶሪኖ ነበሩ። የክሉኒ ገዳም አበ ምኔት ቅዱስ ሁግም ነበሩ፤ እርሳቸው ሄንሪክን በሕፃንነቱ ከክርስትና ያነሡት የክርስትና አባቱ ናቸው። እነዚህ ሁሉ አማላጅ ሆኑ። ከዚህ ነገር በኋላ አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ ዶኒዞን የተባለ የካኖሳው ገዳም መነኵሴ የማቲልዳን ታሪክ በግጥም ጻፈ፤ መጽሐፉ ዛሬ በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ ይገኛል። በውስጡ አንዲት ትንሽ ሥዕል አለች፤ ንጉሡ በጕልበቱ ተንበርክኮ፣ አበ ምኔት ሁግና ልዕልት ማቲልዳ ተቀምጠው ይታያሉ። ጳጳሱ በሥዕሉ ውስጥ የሉም። ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። በዳይ በቀጥታ ከተበዳይ ፊት አይቀርብም፤ ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌውም እንዲሁ ቃል አድራሽ ብቻ አይደለም፤ የራሱን ክብር በመካከል ያስቀምጣል። ሁግ በገዳማዊ ሥርዐታቸው መሐላ ስለ ተከለከሉ አልማሉም፤ በእግዚአብሔር ፊት ቃላቸውን ብቻ ሰጡ። ያ ቃል ለንጉሡ የተሰጠ ዋስትና ነበር። በኋላ ንጉሡ ቃሉን ባፈረሰ ጊዜ የቄሱ አበ ምኔት ፊት ምን እንደ መሰለ ታሪክ አይነግረንም፤ የታረቀ ሰው ተመልሶ ሲጣላ ሽማግሌው ምን እንደሚሰማው ግን በየመንደራችን እናውቀዋለን።

ጎርጎርዮስስ? ለእርሳቸው ነገሩ በሁለት በኩል የተሳለ ሰይፍ ነበር። በሩን ቢከፍቱ በአውግስቡርግ የሚጠብቁአቸውን መሳፍንት ያሳዝናሉ፤ ሄንሪክም የፈለገውን አግኝቶ መንግሥቱን ይዞ ይመለሳል። በሩን ቢዘጉ ደግሞ በጠላት ላይ አሸናፊ ሆነው ካህንነታቸውን ያጣሉ። ፊታቸው የቆመው ንጉሥ ልቡ የተሰበረ ይሁን ወይስ ጊዜ የሚገዛ ብልህ፣ ማን ያውቃል? ከውጭ ሲታይ እንባውም፣ ባዶ እግሩም፣ የሱፍ ልብሱም ለሁለቱም ሰዎች አንድ ነው። በኑዛዜ ወንበር ላይ የተቀመጠ ካህን ሁሉ ይህን ጭንቀት በትንሹም ቢሆን ያውቀዋል። የሰውን ልብ መርምሮ የሚያውቅ አንድ ጌታ ብቻ ነው፤ ሥልጣነ ክህነት የተሰጠው ግን ልብን ለማያዩ ሰዎች ነው።

ሦስቱን ቀን ያዘገዩት ለዚህ ይመስለናል። ወዲያው ነገሩን ለጀርመን መሳፍንት ያስረዱበት ደብዳቤ እስከ ዛሬ ይገኛል። በዚያ ደብዳቤ ንጉሡ ለሦስት ቀን እንዴት እንደ ቆመ፣ በምሽጉ የነበሩት ሁሉ እንዴት እንደ ራሩለትና እንዳለቀሱለት ገልጸዋል። ከዚህም አልፈው፣ አንዳንዶቹ «ይህ የሐዋርያ ጽናት አይደለም፤ የጨካኝ ገዥ ጭካኔ ነው» እስከ ማለት እንደ ደረሱ ራሳቸው ጽፈውታል። እኛ ከታሪኩ ሁሉ ይህን እናደንቃለን። ሥልጣን ይዞ ሳለ የከሳሾቹን ቃል በራሱ ደብዳቤ፣ በራሱ ማኅተም ሥር የሚያሰፍር ሰው ስንት ነው?

በነቢዩ ዮናስ መጽሐፍም ሦስት ቀን አለ፤ በየዓመቱ ጾመ ነነዌን ስንጾም እናስበዋለን። ስብከታችን ብዙ ጊዜ ከምዕራፍ ሦስት አያልፍም፤ ንጉሡ ከዙፋኑ ወረደ፣ ማቅ ለበሰ፣ በዐመድ ላይ ተቀመጠ፣ ከተማይቱም ዳነች እንልና እንጨርሳለን። መጽሐፉ ግን በዚያ አይጨርስም። በምዕራፍ አራት ነቢዩ ይቈጣል። የተቈጣው ሰዎቹ ስላልተመለሱ ሳይሆን ስለ ተመለሱ ነው። ከከተማይቱ ወጥቶ በስተ ምሥራቅ ዳስ ሠርቶ፣ ምናልባት እግዚአብሔር ሐሳቡን ይለውጥ እንደ ሆነ ብሎ ቍጭ ብሎ ይመለከታል። በሉቃስ ምዕራፍ 15 ያለው ታላቅ ወንድምም እንዲሁ ነው። ጠፍቶ የነበረው ገብቶ ይበላል፤ ከቤት ወጥቶ የማያውቀው ደግሞ የዘፈኑን ድምፅ ሰምቶ ከደጅ ይቆማል። አባትየውም በዚያን ቀን ሁለት ጊዜ ወጣ፤ አንድ ጊዜ ወደ ታናሹ፣ አንድ ጊዜ ወደ ታላቁ። ይቅርታ ሲለመን በበሩ ውስጥ ያለ የሚመስለው ሰው ሳያስበው ከውጭ ሊገኝ ይችላል።

ጎርጎርዮስ ከዚህ ፈተና ያመለጡት በሦስተኛው ቀን ነው። በጃንዋሪ 28 በሩ ተከፈተ። ንጉሡ በመሳፍንቱና በእርሱ መካከል ላለው ክርክር የጳጳሱን ፍርድ ለመቀበልና በጉዞአቸው ላይ ጉዳት እንዳያደርስባቸው በመሐላ ቃል አስገባ፤ ከውግዘቱ ተፈታ፤ ቅዳሴም ተቀድሶ ወደ ቅዱስ ቍርባን ኅብረት ተመለሰ። በእኛ አስተያየት በዚያች ሰዓት የነበራቸውን መሣሪያ ሁሉ ከእጃቸው አስቀመጡ። ፖለቲከኛ ቢሆኑ ኖሮ ወደ አውግስቡርግ እስኪደርሱ ድረስ በሰበብ ያዘገዩት ነበር። እርሳቸው ግን ካህን ስለ ነበሩ ከፈቱለት።

ዛሬ በላቲን ሥርዐት የሚሠራበት ሕገ ቀኖና በቍጥር 980፣ ተነሳሒው ፍትሐትን ሲለምንና ስለ ዝግጁነቱ ጥርጥር በሌለ ጊዜ ፍትሐቱ እንዳይከለከልና እንዳይዘገይ ያዝዛል። ቃሉ አጭር ነው፤ ከኋላው ግን የብዙ ዘመን ልምድ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንለይ ብናልፍ ታሪኩን እንበድለዋለን። ጎርጎርዮስ በካኖሳ ለሄንሪክ የመለሱለት ምንድን ነው? ከሦስት ዓመት በኋላ ራሳቸው እንዳስረዱት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ኅብረት መለሱት እንጂ ወደ መንግሥቱ አልመለሱትም። በጊዜው ይህን ልዩነት ያስተዋለው ጥቂት ሰው ነው፤ በጀርመንም ብዙ ሁከት ያመጣው አለመለየቱ ነው። በእኛም ዘንድ ይህ ነገር ሳይለይ ስለሚቀር ስንት ዕርቅ ይበላሻል! የቁምስናውን ገንዘብ ያጐደለ ሰው ተጸጽቶ ቢመጣ ይቅር እንለዋለን፤ በቍርባንም አብሮን ይቀርባል፤ የገንዘብ ሣጥኑን ቍልፍ ግን በማግሥቱ መልሰን አናስረክበውም፤ ያጐደለውንም እንዲተካ እንጠይቀዋለን። ይህን ማድረግ ቂም መያዝ አይደለም። ሚስቱን የደበደበ ባል ይቅርታ ስለ ለመነ ብቻ በዚያው ሌሊት ወደ ቤት ይግባ ብለው ሚስቲቱን የሚያስጨንቁ ሽማግሌዎች አሉ፤ የይቅርታን ስም ጠርተው የሚያደርጉት ይቅርታ አይደለም። በፍርድ ቤት የተያዘ ነገርም በፍርድ ቤት ይታያል። ኅብረት ሌላ ነው፤ ሹመትና አደራ ሌላ ነው፤ ካሣም ሌላ ነው።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ለታሪክ ፍቅር ብቻ አይደለም። ከ2020 ጀምሮ ባለፉት የጦርነትና የግጭት ዓመታት በሀገራችን የፈሰሰው ደም ገና አልደረቀም። በየቤቱ ለጕብኝት ስንዞር «አባ፣ ያ ሰው ሽማግሌ ልኮብኛል፤ እኔ ግን በሬን መክፈት አቃተኝ» የሚለን ሰው ብዙ ነው። ልጁን የቀበረ አባት፣ ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ እንዲህ ሲለን በፍጥነት ጥቅስ ጠቅሰን አፉን ለማስያዝ አንደፍርም። ሦስት ቀን ቢያስፈልገው ሦስት ቀን ይጠበቅ። ከዚያም በላይ ቢያስፈልገው ይጠበቅ። በካኖሳ ያለው መዘግየት ኃጢአት ነው ብለን አንፈርድም፤ ለቈሰለ ሰው እውነቱ እስኪነገርለት፣ የተሠራው በደል በስሙ እስኪጠራ መጠበቅ ተገቢ ነው። የምንለምነው ይህን ብቻ ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ በመስኮት ወደ ውጭ መመልከት አይቅር። ጎርጎርዮስ በሩን ዘግተው ነበር፤ ጆሮአቸውን ግን አልዘጉም፤ ማቲልዳ ሲናገሩ ሰሙ፤ ሁግ ሲለምኑ ሰሙ፤ «ጨካኝ» ሲባሉም ሰሙ። የሚያስፈራው ደጅ የቆመውን ሰው ቀን መቍጠር ትቶ መኖሩንም የሚረሳ ልብ ነው።

ለሚለምነውም ወገን የምንለው አለን። በሀገራችን በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ እግር ላይ መውደቁ የቈየ ልማድ ነው። በጁን 1894 ራስ መንገሻ ዮሐንስ ከእነ ራስ አሉላ ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው ከዐፄ ምኒልክ ፊት ወደቁ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ማሩአቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ራስ መንገሻ እንደ ገና አምፀው፣ ተይዘው ታሰሩ። ድንጋዩ ከትከሻ የሚወርደው በአንዲት ቃል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን መሸከም ግን ሌላ ሥራ ነው። ሄንሪክም እንዲሁ ሆነ። ከካኖሳ ከወረደ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በማርች 1077፣ መሳፍንቱ ሩዶልፍን ሌላ ንጉሥ አድርገው መረጡበት፤ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። በ1080 ጎርጎርዮስ ሁለተኛ አወገዙት። እርሱም በበኩሉ የራሱን ጳጳስ አስመረጠ፤ በ1084 ሮምን ያዘ፤ ከዚያው ካስመረጠው ጳጳስ እጅ የቄሣርነት ዘውድ ጫነ። በ1092 ጦሩን አስከትቶ ወደዚያው ወደ ካኖሳ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ የመጣው ምሽጉን ሊወጋ ነበር። የማቲልዳ ወታደሮች መለሱት።

ታዲያ ጎርጎርዮስ ተታለሉ? ብዙ የታሪክ ሰዎች እንዲህ ይላሉ፤ ሄንሪክ በሦስት ቀን ብርድ መንግሥቱን ገዛበት ይላሉ። እኛ ይህን ፍርድ አንቀበለውም። ንስሐው በዚያ ቀን እውነተኛ ሆኖ በኋላ ሊደርቅ ይችላል፤ በቀጭን አፈር ላይ የወደቀው ዘር በቀለ እንጂ አልበቀለም አልተባለም። ደግሞም ካህን የሚጠየቀው በፊቱ ስላለው ሰው ነው እንጂ ያ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ስለሚሆነው አይደለም። ጌታችን ጴጥሮስን ስንት ጊዜ ይቅር እንደሚባል ሲነግረው፣ ቍጥሩ ራሱ ሰውየው ተመልሶ እንደሚወድቅ ያሳያል። ሰባ ጊዜ ሰባት የተባለው ለማይደግም ሰው አይደለም።

የሚያሳዝነው የሁለቱ አባትና ልጅ መጨረሻ ነው። ጎርጎርዮስ ከሮም ተሰድደው በሜይ 25 ቀን 1085 በሳሌርኖ ዐረፉ። በሞት አልጋ ላይ ሳሉ ያወገዙአቸውን ሰዎች ሁሉ ፈቱ፤ ሄንሪክና እርሱ ያስመረጠው ጳጳስ ከነዋና ዋና ረዳቶቻቸው ግን ካልተመለሱ በቀር ሳይፈቱ ቀሩ። ቤተ ክርስቲያን ጎርጎርዮስን በ1728 ከቅዱሳን ቈጥራ በዚያው በሜይ 25 ታስባቸዋለች።

ሄንሪክ ሃያ አንድ ዓመት ቈይቶ ሞተ። በበሬ ቈዳ ተጐትቶ አልፕስን የወረደው ሕፃን ኮንራድ በ1093 ከድቶት ነበር፤ ታናሹ ልጁ ሄንሪክ 5ኛም በ1105 ማለቂያ ላይ አስሮ ዙፋኑን አስለቀቀው። በኦገስት 7 ቀን 1106 በልዬዥ ከተማ ሞተ። ውጉዝ ስለ ነበረ በመጀመሪያ ከተቀበረበት አወጡት፤ አስከሬኑ ወደ ሽፓየር ተወስዶ ከካቴድራሉ ጐን ባለች፣ ገና ባልተባረከች አነስተኛ ጸሎት ቤት ተቀመጠ። እዚያም አምስት ዓመት ሙሉ ቈየ። በ1111 ውግዘቱ እንዲነሣለትና በአባቶቹ መቃብር በክብር እንዲያርፍ ር.ሊ.ጳ. ፓስካል 2ኛን የጠየቀለትና ያስፈቀደለት ከዙፋኑ ያወረደው ያው ልጁ ሄንሪክ 5ኛ ነው።